ከወንዙ ወዲህ

ሸዋ በር፣ ከጋራዡ ጎን፣ አንዲት ጠባብ ክፍል፣
አራት ስክሪን አለኝ፣ አንዱ የሚንተፋተፍ፣ አንዱ ቀለም የሚጥል፤
ለግማሽ ሰዓት ሃያ ብር፤ ጭጋጉ ግን በነጻ፣
ከጦሳ ወርዶ በበሬ ስር ሳያስፈቅድ የሚመጣ።

ልጆቹ ይገባሉ፣ ደብተር በብብታቸው፣
የጫማቸው ጭቃ ሳይደርቅ ጎራዴ ነው ምርጫቸው።
ጨዋታው የዘንዶ ነው፣ የጠንቋይ፣ የፈረሰ ግንብ፣
«ማንን ትሆናለህ?» ይላል፤ ወንዱ ይለብሳል በደንብ፦
ብረት ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉሮሮ፣
ብረት በጓንቱ ላይ፣ ብረት በጆሮ።
ሴቷ ግን… አንጥረኛው ብረት አልቆበት ነው መሰል፣
ጡቷን በሁለት እፍኝ ከድኖ፣ ሆዷን ሰጠው ለጦር እድል።

በረዶ ላይ ነው የምትሄደው።
እኔ በጦሳ ብርድ፣ ሁለት ሹራብ ደርቤ ጉልበቴን የሚቆረጥመኝ፣
«ይቺ ልጅ እናት የላትም?» አልኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ።

ንግግሯ አራት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ ከመቀመጫዬ፦
«ተጠንቀቅ»፤ «ቆስለሃል»፤ «አምንሃለሁ»፤ «ወዬ»።
ከወንዙ ማዶ፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ትሞታለች፤
ወንዱ እንዲቆጣ ነው። እሷ ክብሪት ነበረች፤
ተጭራ ተጣለች።

የጻፋትን አላውቀውም፤ አገሩ ሩቅ ነው መሰለኝ፤
እጁን ግን አውቀዋለሁ፤ እኔንም ጽፎኛል ሳይጠይቀኝ።
«የወሎ ልጅ» ብሎ ይጀምራል፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው በሚኒባስ፣
ዓይን፣ አንገት፣ ጥርስ ይቆጥራል፣ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ እስክንደርስ፤
ስሜ ጋ አይደርስም። ዙበይዳ እባላለሁ።
መንጋጋዬን ያመኛል፤ ጄኔሬተር መግዛት እፈልጋለሁ።
ይሄን አንገቴ ላይ ማን ያነባል? ሂሳቤን ከፍዬ እወርዳለሁ።

ሐምሌ ላይ ሰዓዳ መጣች፣ የልብስ ሰፊው የእንድሪስ ልጅ፣
ዝርዝር ብር በፌስታል ቋጥራ፣ አፍራ የቆመች በደጅ።
ሴቷን መረጠች። ወንዶቹ አጉረመረሙ።
ወንዙ ድረስ ወሰደቻት። ቆሙ።
አልተሻገረችም።
በማግሥቱም መጣች፤ አልተሻገረችም።
ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በሃያ በሃያ ብር፣
ከወንዙ ወዲህ አዞረቻት፣ ከቄጠማው ዳር።
«ተሻገሪ እንጂ!» ይላል ይማም፣ «ጨዋታው እኮ እዚያ ነው!»
«እዚያ ይገድሏታል» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅለው።

አንድ ቀን የሞተ ወታደር ጥሩር አገኘች ከዋሻ፣
ልታለብሳት ሞከረች፤ ስክሪኑ እንቢ አለ እስከ መጨረሻ፦
«ይህ ልብስ ለዚህች ገጸ ባሕርይ አይሆንም»።
የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ እንዲህ ያለ ነገር አይገባትም።
«ማጥበብ ነዋ!» አለች፣ «ብብቱ ጋ ሁለት ጣት መያዝ፤
ለማን እሆናለሁ ብሎ ደግሞ ልብስ ነው እንዴ የሚያዝ?»

ያኔ መብራት ሄደ፤ እንደ ልማዱ፣ ሳይሰናበት።
አራቱም ስክሪን ጠፋ፤ ጦሳ ገባ ወደ ቤት።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደልቃል፣ ማንም አልወጣ፤
እሷ ግን አልቆመችም፤ ድምጿ ከጨለማው መጣ፦

«ጥሩሩን አጠበበችው። አሁን አይበርዳትም።
ስሟ ጦይባ ነው። ቆንጆ ናት? እኔ እንጃ፣ ጨለማ ነው፣ አይታይም።
የቤት ኪራይ አለባት፣ የሦስት ወር፤
ትቆጣለች፣ ማንም ሳይሞትባት፣ እንዲሁ፣ በጠዋት፣ በስኳር ነገር።
እህቷን አኩርፋታለች። ዘንዶ አትፈራም፣ ውሻ ትፈራለች።
ወንዙን ነገ ትሻገር ይሆናል፤ ዛሬ እግሯን ትታጠባለች።»

«ከዚያስ?» አለ ይማም፤ ድምፁ ተለወጠ።
«ከዚያማ ራባት።» አንዱ ሊስቅ ጀመረ፤ ሳቁን ዋጠ።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። መብራቱ ሲመለስ ድንገት፣
ስክሪኑ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ በረዶው፣ ባዶ ሆዷ፣ ያቺው ሴት፤
«ወዬ» አለች፣ ማንም ሳይጠራት።

«ስንት ሆነ?» አለች ሰዓዳ፣ ፌስታሏን ስትፈታ።
ለመብራቱ ሰባት ብር አልኳት።
ለጨለማው ዋጋ አላወጣሁም፤ እያሰብኩበት ነው፣ ማታ ማታ።